ማስተርስ ውጭ አገር፦ ከአገሩ በፊት ከፋዩን ምረጡ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ የእህቴ ልጅ ማኪያቶዋን ሳትነካ ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አንደኛው ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ የመጣላት የቅበላ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው የሀንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ፣ ሦስተኛው የቻይና። «አጎቴ፣ የቱ አገር ይሻላል?» አለችኝ።

«አገሩን ለጊዜው ተይው። ማን ነው የሚከፍልልሽ?»

ዝም አለች። ደብዳቤው ላይ ስለ ክፍያ የተጻፈውን ገጽ ገና አላየችውም ነበር።

ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣብኛል። ሰው አገር የሚያወዳድረው በብርዱ፣ እዚያ ባለው ዘመድ ብዛት፣ በዩኒቨርሲቲው ስም ነው። እኔ ግን የቅበላ ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው እዚሁ የቀሩ ልጆችን ሳስታውስ፣ ሁሉንም ያስቀራቸው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መጨረሻ ላይ ማሰብ። ከፋይ ደግሞ ሦስት ዓይነት ብቻ ነው። ወይ ራሳችሁ ናችሁ፣ ወይ መንግሥት ነው፣ ወይ ፕሮፌሰሩ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ቀነ ገደብ፣ የየራሳቸው መስፈርትና በምላሹ የሚጠብቁት ነገር አላቸው።

ራሳችሁ ስትከፍሉ

«ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» ሲባል ሰምታችኋል። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እውነት ነው፤ በየሴሚስተሩ የምትከፍሉት መዋጮ ብቻ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 350 ዩሮ ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ ብዙ ቦታ የትራንስፖርት ትኬትንም ይጨምራል። ነገር ግን ሽቱትጋርት፣ ሃይደልበርግና ካርልስሩህ ያሉበት የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ጀምሮ ክፍያ ጀምሯል፤ ለማስተርስ እንደ ትምህርቱ ዓይነት በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ። ስለዚህ «ጀርመን» ብላችሁ አትጨርሱ፤ የትኛው ከተማ፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ የሚለው ሂሳቡን ይለውጠዋል።

ዋናው ዳገት ግን ብሎክድ አካውንት ነው። ለቪዛ ስታመለክቱ የአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በስማችሁ በተከፈተ ዝግ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ መታየት አለበት። ገንዘቡ የእናንተው ነው፤ እዚያ ስትደርሱ በየወሩ 992 ዩሮ እየቆነጠረ ይለቅላችኋል። በአሁኑ የባንክ ምንዛሪ ሲመታ ወደ 2 ሚሊዮን ብር ገደማ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ይኸው ገንዘብ 800 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ከዚያ በፊት የሄደ ጓደኛ «እኔ እኮ ቻልኩት» ቢላችሁ አትፍረዱበት፤ የሄደበት ዓለም ሌላ ነው። ባንካችሁ ለተማሪ የውጭ ምንዛሪ ለመፍቀድ ምን ሰነድ እንደሚጠይቅና ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ቅበላው ከመምጣቱ በፊት ጠይቁ፣ ከመጣ በኋላ አይደለም። ጀርመን የሚኖር የቅርብ ዘመድ ካላችሁ ሌላ በር አለ፦ እሱ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ፣ የደመወዙን ማስረጃ አሳይቶ፣ ወጪያችሁን እንደሚሸፍን ይፈርማል። ቀላል ፊርማ አይደለም። እናንተ ብትቸገሩ ዕዳው የሚዞረው እሱ ላይ ነው፤ ዘመድን ይህን ስትጠይቁ ዋስ እንዲሆን እንደምትጠይቁት ቁጠሩት።

«እዚያ ሠርቼ እሸፍነዋለሁ» የሚል ልጅ አይጠፋም። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅዳል፤ ከተመረቃችሁ በኋላ ሥራ ለመፈለግ እስከ 18 ወር መቆየትም ትችላላችሁ። ሥራው የሚጠቅመው ግን ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ዕቃ በማጠብ ያሳለፈ ልጅ ፈተና ላይ ምን እንደሚገጥመው እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ስሙን አልናገርም፣ እሱ እኔ ነኝና።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ ሳያውቀው የማመልከቻ ገንዘብ ያባክንበታል። ጀርመኖች ውጤታችሁን ወደ ራሳቸው ሚዛን ይቀይሩታል፤ እዚያ 1 ምርጡ ነው፣ 4 ለጥቂት ማለፍ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከ4 ላይ ሲጂፒኤያችሁን ቀንሱ፣ የተረፈውን ለ2 አካፍሉ፣ በ3 አባዙት፣ 1 ጨምሩበት። የእህቴ ልጅ 3.12 ነው ያላት፤ ናፕኪን ላይ ስናሰላው 2.32 ወጣ። ልክ 3.00 ያለው ልጅ 2.5 ላይ ይቀመጣል፤ ብዙ ፕሮግራሞች በሩን የሚዘጉትም እዚያ ላይ ነው። ከ3.00 በታች ከሆናችሁ የፕሮግራሙን ዝቅተኛ መስፈርት ሳታዩ አትክፈሉ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ዩኒ አሲስት የሚባለው ተቋም ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75፣ ለተከታዮቹ ለእያንዳንዳቸው 30 ዩሮ ይቀበላል።

ሌሎቹን ራስ ከፋይ አማራጮች ባጭሩ ልለፍ። እንግሊዝ ማስተርሱ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ክፍያው ግን ከባድ ነው፣ ከቪዛው ጋር የጤና መዋጮ በዓመት 776 ፓውንድ ይታከልበታል፣ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም አብዛኛው የማስተርስ ተማሪ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ይዞ መሄድ አይችልም። ባለትዳሮች ይህን ቀድማችሁ እወቁት። «ኖርዌይ ነፃ ናት» የሚላችሁ ሰው ደግሞ መረጃው አርጅቶበታል፤ ከ2023 መኸር ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ይከፍላል።

መንግሥት ሲከፍል

እዚህ ላይ ሰው የሚያየው «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለውን ቃል ነው። ሙሉ የሚባለው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አራት ነገር ጠይቁ፦ በወር ስንት ብር እጄ ይገባል? የአውሮፕላን ትኬቱስ? ስንት ዓመት ይፈጅብኛል? ስጨርስስ ምን ይጠበቅብኛል?

የሀንጋሪውን እንውሰድ፣ የእህቴን ልጅ ከሁሉ የሳባት እሱ ስለነበር። ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ ዶርም ወይም ለቤት ኪራይ 40,000 ፎሪንት ድጎማ ይሰጣል፣ ኢንሹራንስም አለው። የማስተርስ ተማሪ የወር አበል ግን 43,700 ፎሪንት ነው። ይህ በዩሮ ከ110 ብዙ አይርቅም። በዚህ ገንዘብ ቡዳፔስት መኖር ማለት ወይ ከቤት ማስላክ ነው ወይ ሥራ መፈለግ። ትኬቱንም አይከፍሉም። ይህን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ፤ እናቷ ሱቃቸው ከፒያሳ ከተነሣ ወዲህ ገቢያቸው እንደ ድሮው አይደለም። ይህ ማለት አታመልክቱ ማለት አይደለም፤ ዲግሪው የአውሮፓ ዲግሪ ነው፣ ማመልከቻውም ነፃ ነው። ግን ከመሄዳችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የሚያሻግር ቁጠባ ያስፈልጋችኋል።

የቻይናው ከዚህ ይሻላል፦ ክፍያ የለም፣ ዶርም አለ፣ ለማስተርስ በወር 3,000 ዩዋን፣ ለዶክትሬት 3,500 ዩዋን ይታሰባል። የዕድሜ ገደቡ ለማስተርስ 35፣ ለዶክትሬት 40 ዓመት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑን አረጋግጡ፤ በቻይንኛ ከሆነ የቋንቋ ዓመት ይጨመርበታል። ለምህንድስና፣ ለግብርናና ለቁስ ሳይንስ ላብራቶሪያቸው የሚያስቀና ነው። ድክመቱ ከተመረቁ በኋላ ነው፤ እዚያው ሥራ መያዝ ከጀርመን ጋር አይወዳደርም። ተምሬ እመለሳለሁ ለሚል፣ በተለይ እዚህ መሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድ ለሰጠው የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ እኔ ብሆን ከሀንጋሪ አስቀድመዋለሁ።

ጀርመን ራሷ ዳድ በሚባለው የትምህርት ልውውጥ ተቋሟ በኩል ለታዳጊ አገሮች የምትሰጠው የድኅረ ምረቃ ስኮላርሺፕ አለ፤ ኤፖስ ይባላል። ከማውቃቸው ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ባለሙያ የሚስማማው ይኸ ነው እላለሁ። በወር 992 ዩሮ ይከፍላል፣ የጉዞ ድጎማና ኢንሹራንስ አለው፣ ከትምህርቱ በፊት የጀርመንኛ ሥልጠናም ይሰጣል። ብሎክድ አካውንት የሚባለው ራስ ምታት የለም። ነገር ግን ትኩስ ምሩቅ አይቀበልም፦ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ ዲግሪው ደግሞ ከስድስት ዓመት በላይ ያረጀ መሆን የለበትም። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው መስኮት አራት ዓመት ነው። «ትንሽ ልሥራና» እያሉ መስኮቱ የተዘጋባቸውን አውቃለሁ። የሚያመለክቱት ቀጥታ ለኮርሱ ነው፤ ቀኑ ከኮርስ ኮርስ ይለያያል፣ ብዙው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ውስጥ ይዘጋል።

የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ የሥራ ልምድን በሰዓት ይቆጥራል፤ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ያህል። የሚፈልጉት ጥሩ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ሰው የመራ፣ ሰው የሚያውቅ፣ ነገ አገሩ ላይ ቦታ የሚይዝ ሰው ነው። ውጤታችሁ መካከለኛ ሆኖ ሥራችሁ ላይ የሠራችሁት የሚወራ ነገር ካለ ይህ ለእናንተ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። በነገራችን ላይ የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲዞር አይታችሁ አትድከሙ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም።

የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ የሆነው ኤራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል፣ እስከ 24 ወር፣ ቢያንስ ሁለት አገር ያስተምራል። የዕድሜ ገደብ የለውም፣ ተመለስ የሚላችሁም የለም። ለዚያ ነው ውድድሩ አንገት ለአንገት የሆነው። ሲጂፒኤያችሁ ከፍ ያለ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ጠንካራ ከሆነ ሞክሩት፤ ግን ብቸኛ ተስፋችሁ አታድርጉት።

ቱርክና ደቡብ ኮሪያ አንድ የቋንቋ ዓመት ይጨምራሉ፤ የሁለት ዓመቱ ማስተርስ ሦስት ይሆናል ማለት ነው። ቱርክ ለማስተርስ ከ30 ዓመት በታች ትፈልጋለች፤ ኮሪያ እስከ 40 ትታገሣለች። ሁለቱም ትኬት ይቆርጣሉ።

ጣሊያን ለየት ይላል። ከፋዩ የክልሉ መንግሥት ነው፣ መስፈርቱ ደግሞ ከውጤት ይልቅ የቤተሰብ ገቢ ነው። የቤተሰቡን ገቢና ንብረት የሚገልጽ ማስረጃ ታወጣላችሁ፣ ወደ ጣሊያንኛ ታስተረጉማላችሁ፣ ቀበና ያለው ኤምባሲያቸው ያረጋግጥላችኋል። ለእኛ አገር ልጅ ገቢው ዝቅተኛ ስለሆነ ዕድሉ ጥሩ ነው። አደጋው ሁለት ነው፦ የመጀመሪያው ክፍያ ከገባችሁ ከወራት በኋላ ይደርሳል፤ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ (እነሱ ነሐሴ 10 የሚሉት፣ በእኛ ነሐሴ 4) የተወሰነ ክሬዲት ካላሟላችሁ ደግሞ ቀሪው ክፍያ ሊቀርባችሁ ይችላል፤ ስኮላርሺፑ ከተሰረዘ የወሰዳችሁትንም መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ።

ቀኖቹን በፈረንጅ መያዝ ለሚያቅተው እኔ በበዓል ነው የምይዛቸው። ቼቭኒንግ ከመስቀል ብዙም አይርቅም፤ ባለፈው ዙር ጥቅምት 7 በፈረንጅ ነበር የተዘጋው። የአሜሪካ ዶክትሬት ከኅዳር ጽዮን ማግስት ይጀምርና ሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። ሀንጋሪ ጥምቀት ሊገባ ሲል፣ በፈረንጅ ጥር 15 አካባቢ። ቱርክ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የየካቲት 12 አበባ በተቀመጠ ማግስት።

ፕሮፌሰሩ ሲከፍል

ይህን በር ብዙ ሰው አያንኳኳውም፣ ምክንያቱም ማስታወቂያ የለውም። አሜሪካ ማስተርስ በራስ ገንዘብ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ነው። ዶክትሬት ግን ሌላ ታሪክ ነው፦ በሳይንስና በምህንድስና አብዛኛው የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያው ተሰርዞለት፣ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት በሳምንት 20 ሰዓት ያህል እየሠራ ደመወዝ ይከፈለዋል። ማስተርስ ሳይኖራችሁ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባትም ይቻላል፤ እዚህ አገር ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ብዙ ዲፓርትመንቶች ትተውታል፤ የማመልከቻ ክፍያውንም በኢሜይል ስትጠይቁ የሚያነሱላችሁ አሉ። ዋጋው ጊዜ ነው፣ አምስት ስድስት ዓመት። ፉልብራይት በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ ከሆነ ደግሞ የሚሰጠው ቪዛ ከጨረሳችሁ በኋላ ሁለት ዓመት አገራችሁ እንድትኖሩ ያስገድዳል፤ በተማሪ ቪዛ የሄደ ይህ ግዴታ የለበትም።

ስዊድን፣ ኖርዌይና ኔዘርላንድ ዶክትሬትን እንደ ሥራ ነው የሚያዩት። ቦታው ሲከፈት በዩኒቨርሲቲው የክፍት ሥራ ገጽ ላይ ይወጣል፣ ስትቀጠሩ ደመወዝ፣ ፈቃድና ጡረታ አለው። ማስተርስ ግን ቀድሞ መኖር አለበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆናችሁ ሳንድዊች የሚባለውን ማሰብም ትችላላችሁ፤ ምዝገባው እዚህ፣ የላብራቶሪው ሥራ እዚያ። ልጆች ላሏችሁ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ሊሆን ይችላል።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል ስትጽፉ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ስኮላርሺፕ እፈልጋለሁ» ብላችሁ ለሃምሳ ሰው አትላኩ። የአንዱን ሰው አንድ ጽሑፍ አንብቡ፣ የእናንተ የመመረቂያ ሥራ ከእሱ ጋር የሚገናኝበትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ሲቪያችሁን አያይዙ። አጭር ይሁን።

ወረቀቱ

የትኛውንም ከፋይ ብትመርጡ ወረቀቱ ያው ነው፣ የሚያዘገየውም እሱ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆናችሁ ኮስት ሼሪንግ ሳትጨርሱ ኦሪጅናል ዲግሪ አታወጡም፤ ቴምፖራሪ ይዛችሁ የት ድረስ እንደምትሄዱ ፕሮግራሙ ይወስናል። ስቱደንት ኮፒና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አንድ አይደሉም፤ ኦፊሻሉ ከሬጅስትራር ታሽጎ የሚወጣው ነው። ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ለዚህ ብቻ ሁለት ጊዜ ሊመላለስ ይችላልና ቀነ ገደቡ ሲቀርብ አትጀምሩ።

ስማችሁን እዩት። የእህቴ ልጅ ፓስፖርቷ ላይ የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ በሁለት «ኤስ» ተጽፏል፣ ዲግሪዋ ላይ በአንድ። እኛ ይህን ምንም አንለውም፤ ኤምባሲ ግን ሁለት ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል። ፎርም ሁሉ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይሞላ፣ ልዩነት ካለ ከተመረቃችሁበት ተቋም የማስተካከያ ደብዳቤ አውጡ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ደግሞ ከተቋማቸው ኢሜይል እንዲልኩ ለምኗቸው፤ ብዙ ቦታ በጂሜይል የመጣውን አይቀበሉም።

እንግሊዝኛን በተመለከተ፣ አይኤልትስና ቶፍል ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግሉት፤ የምታመለክቱበት ወቅት ሳይለይ አትፈተኑ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ እንደነበረ የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ ይበቃቸዋል፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ዱኦሊንጎ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ቤታችሁ ሆናችሁ የምትወስዱ ከሆነ መብራት የማይጠፋበት ቤት ፈልጉ።

አማካሪ ቢሮ? እኔ በ2007 ዓ.ም. ለአንዱ 6,000 ብር ከፍዬ ነበር። ፎርሙን የሞላልኝ ልጅ የልደት ዓመቴን ወደ ፈረንጅ ሳይቀይር እንዳለ 1980 ብሎ አስገባው። በአንድ ጀንበር ሰባት ስምንት ዓመት አረጀሁ፤ ገደቡ 30 ነበርና ማመልከቻው ገና በማሽኑ ወደቀ። ኋላ ሳጣራ ማመልከቻው ራሱ ነፃ ነበር። ከፋዩ መንግሥት ከሆነ ለማመልከት ለሰው የምትከፍሉበት ምክንያት የለም። ጽሑፋችሁን የሚያይላችሁ ጓደኛ ካገኛችሁ ቡና ጋብዙት።

የእህቴ ልጅ ሥራ ከጀመረች አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው። የኤፖሱ ሁለት ዓመት ሊሞላላት ስምንት ወር ቀርቷታል፤ ዲግሪዋ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። የጀርመኑን የቅበላ ደብዳቤ እንደገና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የቻይናውን ዘንድሮ ልትሞክር፣ ኤፖሱን ለከርሞ ልትይዘው ተስማማን። ከዚያ እስክሪብቶ ለመነችኝና በሀንጋሪው ማስታወቂያ ጀርባ ላይ «ኮስት ሼሪንግ፣ ሰኞ ጠዋት» ብላ ጻፈች። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሌላ አዘዝን።